አዳራሽ ከመጠበቅ ገበያ መውጣት፦ የኬን ካምቤል ሕይወት ከደሴ ሲታይ

ደሴ ላይ የቴአትር ወሬ በተነሳ ቁጥር መደምደሚያው አንድ ነው፤ «አዳራሽ የለም»። አዳራሽ ሲገኝ መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ አዳራሹ ለስብሰባ ተይዟል፣ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ኪራዩ አይቀመስም። ቅሬታው ሐሰት አይደለም። ግን ስንደጋግመው ስንደጋግመው ከሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎችን ሸፍኖብናል። አዘጋጁና ተዋናዩ ልምምድ ላይ ሳሉ ምን በልተው ያድራሉ? ተመልካቹስ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የት ነው ያለው? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ አዳራሽ ቢሠራ የሚሞላው በሰርግና በሥልጠና ነው።

ነገሩን ለማስረዳት እዚህ አገር ስሙ እምብዛም የማይነሳ አንድ እንግሊዛዊ ልጥራ። ኬን ካምቤል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1941 ከለንደን በስተምሥራቅ ባለችው ኢልፎርድ ተወለደ፤ በ2008 በ66 ዓመቱ አረፈ። ትምህርቱን የተማረው ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊው የድራማ አካዳሚ ነው፤ በኋላም እዚያው ተመልሶ አስተምሯል። ሁለት ሙያ ነበረው። በአንደኛው በአገሩ ካሉ የሙከራ ቴአትር አዘጋጆች ሁሉ በእብደት የሚስተካከለው አልነበረም፤ መድረኩን፣ የጨዋታውን ርዝመት፣ የተመልካቹን አቀማመጥ፣ አንዳንዴም የተመልካቹን ትዕግሥት ይፈትን ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ፊቱን ሁሉም የሚያውቀው፣ ስሙን ግን ጥቂቶች ብቻ የሚያስታውሱት የቴሌቪዥን ተዋናይ ነበር። ትልልቆቹ ቅንድቦቹና አፍንጫ ውስጥ የሚንጫረር የሚመስለው ድምፁ ለዋና ገጸ ባሕርይ አይሆኑም። ለጎረቤት፣ ለተንኮለኛ እንግዳ፣ ለሙሰኛ ጠበቃ ግን ልክ ናቸው።

እንዲህ ያሉትን ሰዎች እኛም ጋ እናውቃቸዋለን። በተከታታይ ድራማ ውስጥ ሁሌ ደላላ፣ ሁሌ የሰፈር ዘበኛ፣ ሁሌ ነገረኛ አጎት ሆነው የሚመጡት ናቸው። ለሁለት ደቂቃ ብቅ ይሉና ትዕይንቱን ይዘውት ይሄዳሉ። ካምቤልም በ1978 በቢቢሲ አንድ የፖሊስና የወንጀል ድራማ ላይ ከፖሊስም ከወንበዴም የሚሞዳሞድ ጠበቃ ሆኖ ተጫውቷል። በ1979 በታዋቂው የሆቴል ኮሜዲ ላይ የባለ ሆቴሉን ውሸት ገና ከበሩ የጠረጠረ እንግዳ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በአንድ የቤተሰብ ኮሜዲ ላይ ጎረቤት ሆኖ ለዓመታት ታየ። ሲኒማ ላይም እዚህም እዚያም ትንንሽ ሚና ነበረው። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ሚናዎች በአንድ አንቀጽ ጠቅልለው ወደ እብደቱ ይሮጣሉ። እኔ ግን ለኛ ትልቁ ትምህርት ያለው በጥቅሉ አንቀጽ ውስጥ ይመስለኛል፤ ዞሬ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ መጠጥ ቤቱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካምቤል ጥቂት ተዋንያን ሰብስቦ «ሮድሾው» የተባለ ተጓዥ ቡድን አቋቋመ። አዳራሽ አልተከራየም። ሰው ቢራውን ይዞ ወደተቀመጠበት መጠጥ ቤት ገባና እዚያው መሀል ላይ መጫወት ጀመረ። የሚጫወተውም ከታላላቅ ደራስያን የተወሰደ ተውኔት አልነበረም። ሰው ለሰው «የጓደኛዬ ጓደኛ የደረሰበት ነው» እያለ የሚያወራቸውን፣ እውነት ይሁኑ ውሸት ማንም ያላጣራቸውን የከተማ ወሬዎች ሰበሰበ። ተመልካቹ ታሪኩን በከፊል ያውቀዋል፤ አንዳንዱም «ኧረ እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው» ብሎ ያቋርጣል። ተዋናዩ ያንን መቋቋም አለበት። ጠጪው ጀርባውን ከሰጠው ጨዋታው አበቃ፤ ትኬት ስላልቆረጠ ለይሉኝታ ብሎ አይቀመጥም።

ከዚያ ቡድን የወጡት ሰዎች ስም ብቻውን ይናገራል። ቦብ ሆስኪንስ ኋላ በሆሊውድ ስሙ የገነነ ተዋናይ ሆነ። ለንደን ውስጥ በአንድ የቴአትር ቤት የትኬት ክፍል ይሠራ የነበረ ሌላ ወጣት ደግሞ ሱሪው ውስጥ ፌሬት የሚባል ጥንቸል የሚያድኑበት ትንሽ አውሬ እየጨመረ፣ አፍንጫው ውስጥ ሚስማር እየመታ ሕዝቡን ያስጮህ ጀመር። ሲልቬስተር መኮይ የሚለው የመድረክ ስሙም የወጣው ከዚሁ ጨዋታ ነው። ከዓመታት በኋላ ቢቢሲ ለዝነኛው የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማው «ዶክተር» የተባለውን ዋና ገጸ ባሕርይ የሚጫወት አዲስ ተዋናይ ሲፈልግ መምህርም ተማሪም ተፈተኑ። ሚናው ለተማሪው ለመኮይ ሆነ። ካምቤል ለልጆች ከሚገባው በላይ ያስፈራል ተብሎ ነው ይባላል። ፊቱን አይቶ ይህን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ካምቤል መጠጥ ቤት ገብቶ ያደረገውን እኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ በየደጁ የሚያደርጉት አሉ፤ ላሊበሎች። ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆመው የሚያዜሙትን ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ ግን በቴአትር ሰው ዓይን ስንቶቻችን አየናቸው? ባልና ሚስት ሆነው ይመጣሉ። እሱ ያወጣል፣ እሷ ትቀበላለች። ነጠላው እስከ አፍንጫ ተሸፋፍኗል፤ ተመልካቹ የሚያገኘው ድምፅ ብቻ ነው። ከመምጣታቸው በፊት ግን ሥራ ሠርተዋል። ከጎረቤት የአባወራውን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ አዲስ የተወለደ እንዳለ፣ ሹመት ያገኘ እንዳለ ጠይቀው አውቀዋል። ስለዚህ አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ስምህን፣ የእናትህን ስም፣ ትናንት የገዛኸውን በሬ በዜማ ትሰማለህ። ዝም ካልክ ውዳሴው ቀስ እያለ ወደ ወቀሳ ይዞራል። «የሰጪ ልጅ ነበርክ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም። ልጅ ሳንቲም ወይም ጥሬ ይዞ ሲወጣ ምርቃት ይወርዳል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር።

ይህን የሚያክል የተጠና የትወና ሥራ ብዙ አላውቅም። ስለ ተመልካቹ የሚደረገው ጥናት አለ፤ የቦታና የሰዓት ምርጫ አለ፤ የሁለት ድምፅ ቅብብል አለ፤ እንደ ተመልካቹ ምላሽ መንገዱን የሚቀይር ድርሰት አለ። የጨዋታውን ማብቂያም የሚወስነው ተመልካቹ ነው። የአውሮፓ አዘጋጆች በ20ኛው ክፍለ ዘመን «አገኘነው» ያሉት ነገር አብዛኛው እዚህ ውስጥ አለ። የኛ የቴአትር ክበቦች ግን ላሊበላን መድረክ ላይ ሲያመጡት እንደ ባህል ትርዒት ያመጡታል። ሁለት ልጆች ነጠላ ለብሰው ማይክራፎን ፊት ይቆማሉ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ያበቃል። ልብሱን ወሰድን፣ አሠራሩን ግን እዚያው በሩ ላይ ተውነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ወሎ በዜማና በስብስብ የበለጸገ ስለሆነ ሁሉን ነገር «የቴአትር ጥሬ ዕቃ» ማለት ይቀናናል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራቱ ቅኝቶች መካከል ሁለቱ ስማቸው እንኳ የወሎ ቦታ ስም ነው፤ እነዚህን አዘጋጅ እንደልቡ ቢጠቀምባቸው የሚቆጣ የለም። መንዙማው፣ ወዳጃው፣ ማሕሌቱ ግን ጸሎት ናቸው። የጀማ ንጉሥን መንዙማ ቆርሶ መድረክ ላይ ለጌጥ ማስቀመጥ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ስንፍናም ነው። ከነሱ የሚወሰድ ነገር ካለ ይዘታቸው ሳይሆን የሰውን ትኩረት እንዴት ይዘው እንደሚያድሩ ነው።

ስለዚህ የትኩረት ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የካምቤል ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ እዚህ ላይ ነው። በ1976 ሊቨርፑል ውስጥ የሳይንስ ልብወለድ ቴአትር የሚል ቡድን አቋቋመ። ማቲው በተባለው ጎዳና ላይ አንድ የአሮጌ መጋዘን ሕንፃ አግኝቶ ሦስት ቅጽ ካለው አንድ የአሜሪካ ልብወለድ የተቀዳ፣ አምስት ተከታታይ ተውኔት ያለው «ኢሉሚናተስ» የተሰኘ ሥራ አዘጋጀ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለሚያይ ሰው ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠጋ ርዝመት ነበረው። ገንዘብ አልነበረም። ጂም ብሮድቤንት፣ ያኔ ገና ወጣት የነበረው፣ ከአሥር ያላነሱ ገጸ ባሕርያትን እየቀያየረ ተጫወተ። ቢል ናይ የተባለው ተዋናይም እዚያው ነበር። የመድረክ ዕቃውን የሠራው ቢል ድራመንድ ኋላ በፖፕ ሙዚቃ ስሙ የገነነ ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር ላይ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር ኮትስሎ የተባለውን አዲሱን ትንሽ አዳራሹን ሲከፍት የመክፈቻ ሥራ አድርጎ የጠራው ይህንኑ የመጋዘን ጨዋታ ነው። በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ መድረክ ታላላቆች አንዱ የነበረው ጆን ጊልጉድ እንኳ የኮምፒውተሩን ድምፅ ቀርጾ ሰጣቸው።

ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ካምቤል አዳራሽ እስኪሰጠው አልጠበቀም። መጋዘን ውስጥ ሠራ፣ ሰው አወራለት፣ አዳራሹ መጥቶ ጠራው። በ1979 ደግሞ ለንደን ውስጥ «ዘ ዋርፕ» የተባለ ተከታታይ አሥር ተውኔት ያለበት ሥራ አቀረበ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት ከ18 ሰዓት በላይ ያስቀምጣል፤ በረጅምነቱም በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ገብቷል። በዚያው ዓመት አንድ የራዲዮ የጠፈር ኮሜዲ ወደ መድረክ ሲያመጣ ሰማንያ ያህል ተመልካቾችን በአየር ግፊት ከወለሉ ከፍ ባለ ተንሸራታች መድረክ ላይ አስቀምጦ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት አንሸራሸራቸው።

«የኛ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቴአትር አይቀመጥም» የሚል ነገር ከስንት አዘጋጅ ሰምቻለሁ። የወሎ ሰው ግን ከምሽት እስከ ንጋት ሐድራ የሚያድር ሰው ነው። ማሕሌት ቆሞ የሚያድር ሰው ነው። ለመስከረም 21 ግሸን ለመድረስ ቀናት በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። ሰርግ ላይ እስከ ማግሥቱ ይጨፍራል። ትዕግሥት አላጣም፤ ያጣው ለትዕግሥቱ የሚመጥን ነገር ነው። በነዚህ ስብስቦች ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያይ ብቻ አይደለም፤ ይቀበላል፣ ያጨበጭባል፣ ይነሳል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይመለሳል። የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ፊቱን ወደ መጋረጃ አዙረን፣ «ስልክ ይዘጋ» ብለን ስናበቃ አንድ ሰዓት ተኩል ቢረዝምበት የሚገርም አይደለም።

እዚህ ድረስ ያለው የሚያስደስት ታሪክ ነው። ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ካምቤል እነዚያን እብደቶች የሠራበት ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሥራ የሌለው ተዋናይ ከመንግሥት የሥራ አጥነት ድጎማ የሚያገኝበት፣ አነስተኛ ቡድኖችም ከአርትስ ካውንስል ድጋፍ የሚጠይቁበት ዘመን ነበር። መጋዘን ውስጥ ለወራት በነጻ የተለማመደው ወጣት ቢያንስ አልተራበም። ይህን ሳይናገሩ የካምቤልን ጀግንነት ብቻ መተረክ ማታለል ይሆናል። ሁለተኛው ምሰሶ ደግሞ ቅድም ያቆየሁት የጎረቤትና የጠበቃ ሚና ነው። የአንድ ሳምንት የቴሌቪዥን ቀረጻ የጥቂት ወራት የቤት ኪራይ ይሸፍናል፤ በነዚያ ወራት ውስጥ አንድ እብደት ይወለዳል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትልልቅ ቡድን መምራቱን ቀንሶ ለብቻው ቆሞ የሚያወራቸውን ትርዒቶች ሲያዘጋጅም የቴሌቪዥን ፊቱ ሰው ይጠራለት ነበር። ሙከራውንና እንጀራውን ያገናኘው ድልድይ ትንሹ ሚና ነው።

ወሎ ውስጥ ይህ ድልድይ የለም። ለካሜራ የሚሠራው ነገር ከሞላ ጎደል አዲስ አበባ ነው፤ ደሴ ደግሞ ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ላይ ነች። ሁለት ደቂቃ ለሚታይ የዘበኛ ሚና ማንም ከደሴ ተዋናይ አስመጥቶ አልጋ አይከፍልም። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ትንሹን ሚና ያገኛል፣ ኪራዩን ይከፍላል፣ ግን ሙከራውን የሚያደርግበት ሰፈርም ቋንቋም ተመልካቹም እዚህ ቀርቷል። እዚያ ሲጠሩት የሚፈልጉት የወሎ አነጋገሩን ነው፤ ያውም ለማሳቅ። ይህ ፍልሰት አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን ደሴ የነበረው የላሊበላ የኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ ድምፆች ያፈራ ነበር። ያ ሥርዓት ብዙ ክፉ ነገር ነበረበት፣ ኪነቱንም ለፕሮፓጋንዳ ተጠቅሞበታል፤ ቢሆንም አርቲስቱ አገሩ ላይ ሆኖ ደመወዝ የሚያገኝበት አንድ በር ነበር። ከቴአትሩ ወገን በዚያ በር የሚገባው ግን ሁሌም ጥቂት ነው፤ የኪነት ቡድን ሲባል ድሮም ዛሬም መጀመሪያ የሚታሰበው ዘፋኝና ተወዛዋዥ ነው።

አዲስ አበባ እንኳ የሁለቱን ሙያ አብሮ መኖር የቻለው ደመወዝ የሚከፍሉ ቴአትር ቤቶች ስለነበሩት ነው። ተስፋዬ ገሠሠ አሜሪካ ተምሮ መጥቶ ተዋናይም፣ ጸሐፊም፣ አዘጋጅም ሆኖ የሠራው፣ የዩኒቨርሲቲውንም የቴአትር ትምህርት ለማቋቋም የበቃው እንዲህ ያሉ ተቋማትን ተደግፎ ነው። ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ ሀንጋሪ ተምረው ሲመለሱ የጠበቃቸው መድረክ ብቻ አልነበረም፤ ራዲዮም ነበር። ወጋየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርከው ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ በአንድ ጉሮሮ ያኖራቸው ነበር፤ ቴአትር ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ የገጠር ሰው ሳይቀር ድምፁን ለይቶ ያውቃል። ትንሽ ሚና ማለት ትንሽ ሥራ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ወሎ ውስጥ ለተዋናይ የሚከፍለው ማነው ከተባለ ባብዛኛው በጎ አድራጎት ድርጅቶችና የመንግሥት ዘመቻዎች ናቸው። ሃያ ደቂቃ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ንጽሕና። ክፍያው ባይበዛም ይከፈላል፣ ውሎ አበልም አለው። ክፉ ሥራ ነው አልልም፤ የደሴና የኮምቦልቻ ተዋንያን ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ ነው። ችግሩ የሚያስተምረው የአጻጻፍ ልማድ ነው። ጥፋተኛው በመጨረሻ ይጸጸታል፣ አንዲት ነርስ ወይም ሽማግሌ ትክክለኛውን ነገር ይናገራሉ፣ ሁሉም ተሰልፎ መልእክቱን ይደግማል። ለዓመታት በዚህ የኖረ ተዋናይ ሌላ ድርሰት ሲሰጠው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መልእክቱ ምንድነው?» ብሎ ነው። አንድ ጊዜ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የሚደረግ ልምምድ ለማየት ሄጄ ነበር። አዘጋጁ ስለ ሁለት ወንድማማቾች የመሬት ጠብ የሚያወራ፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የማይናገር ድርሰት ይዟል። ታላቅ ወንድሙን የሚጫወተው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሞ ማረሻ እንደያዘ ሰው እጁን ሲጨብጥ ማረሻው ይታያል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ መውጣት አቃተው። ሦስት ጊዜ ዞሮ ወደ ባዶ ወንበሮቹ «ስለዚህ ወገኖቼ» አለ። ድርሰቱ ላይ የለም። አፉ ለምዶት ነው። ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በር ላይ ቆሞ ስለነበር ለአራተኛ ጊዜ አልሞከሩትም።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ከሰውና ከንብረት በተጨማሪ ሙዚየምና ቅርስም አልቀረለትም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ቢያበቃም ግጭቱ መንገዱን አስተማማኝ አላደረገውም፤ ከደሴ ወልዲያ ወይም ላሊበላ በዚህ ሳምንት ይኬድ ይሆናል፣ በሚቀጥለው አይታወቅም። ማታ የሚጀምር ትርዒት ተመልካቹን ቤቱ እንዴት እንደሚመልስ ማሰብ አለበት። ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1980 የሮያል ሼክስፒር ቡድን ስሙን «ሮያል ዲከንስ» ብሎ ቀይሯል የሚል ሐሰተኛ ደብዳቤ በዳይሬክተሩ ስም እየጻፈ ለቴአትር ሰዎች ሲበትን ፖሊስ እስኪጠራ ድረስ አስቆ ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ቀልዱን ለማስረዳት በቂ ጊዜ የሚያገኝ አይመስለኝም፤ ይህንንም ጀማሪዎቹ ከኔ በላይ ያውቁታል።

ሰውየውም ቢሆን ፍጹም አርአያ አልነበረም። ተዋንያኑን እስኪደክሙ ይነዳ ነበር፤ ከሱ ጋር አንድ ጊዜ ሠርተው ዳግም ያልተመለሱ አሉ። ሊቨርፑል ያለውን ኤቭሪማን ቴአትር በ1980 እንዲመራ ሲሰጡት አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። ቢሮ፣ በጀት፣ የዓመት ዕቅድ የሚሉት ነገሮች ለሱ አይሆኑም። ብዙ ሥራዎቹም በወጉ ሳይቀረጹ ቀርተው የሚወሩት በሰው ትዝታ ነው። ስለዚህ «ደሴ አንድ ካምቤል ያስፈልጋታል» አላልኩም። የሱ ዓይነት ሰው ምናልባት አሁንም አንድ ሁለት አይጠፋም። የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ሰው ወደ አዲስ አበባ ሳይሄድ የሚኖርበት መላ ነው።

ከመላዎቹ ቅርብ የሚመስለኝ ራዲዮ ነው። ደሴ ኤፍ ኤም ጣቢያ አላት፣ የራዲዮ ድራማም አዳራሽ፣ ልብስ፣ ጄኔሬተርና የሞንታርቦ ቅስቀሳ አይፈልግም። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚተላለፍ፣ ሳምንታዊ፣ ከስፖንሰር ገንዘብ ጥቂቱ ለተዋናይ በቋሚነት የሚከፈልበት ተከታታይ ድራማ ቢኖር የዘበኛውና የነገረኛው አጎት ሚና እዚሁ ይከፈላል። ያ ገንዘብ ለማንም ሀብት አይሆንም። የአምስት ስድስት ሰው ቡድን ግን ለሦስት ወር ልምምድ አንድ ላይ ሊያቆይ ይችላል፤ በየሳምንቱ አዲስ ጎረቤት፣ አዲስ ዳኛ፣ አዲስ ሌባ መሆን የሚሰጠው ሥልጠና ደግሞ በክፍያ አይገኝም። እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ አሉ፤ ስፖንሰሩ ራዲዮኑንም «ስለዚህ ወገኖቼ» ያደርገዋል ይላሉ። ሊያደርገው ይችላል። ቢያንስ ግን ውሉ ሲፈረም የሰባት ደቂቃ መልእክትና የስምንት ደቂቃ ጨዋታ ብሎ መከራከር የሚቻልበት ጠረጴዛ አለ።

ሁለተኛው ገበያ ነው። ካምቤል በ1998 የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በደቡብ ፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች ለንግድና ለመግባቢያ ባበጁት ድብልቅ ቋንቋ አዘጋጅቶ ነበር። ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ስቆ ወጣ፤ እሱ ግን ማንም ሰው በጥቂት ቀን የሚለምደው የዓለም ቋንቋ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። ባቲ ሰኞ ሰኞ ገበያ የቆመ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል ይዞ የወጣው፣ ከደጋ እህልና ማር ይዞ የመጣው፣ በኦሮምኛ ዋጋ ጠርቶ በአማርኛ የሚምለው ነጋዴ፣ መሀል ላይ ሦስቱንም ቋንቋ እያቀያየረ የሚያስማማው ደላላ እዚያው አሉ። የደላላው ሥራ ራሱ ትወና ነው፤ በአንድ ፊቱ ለሻጩ ያዝናል፣ በሌላው ገዢውን ያሞግሳል። ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅል፣ ግማሹ የታወቀ የገበያ ወሬ የሆነ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ጨዋታ እዚያ ላይ በቀን ይቀርባል። ማታ ቤት ስለመመለስ የሚያሳስብ ነገር የለም፣ ትኬት የለም። ገቢው በወሎ እንደለመድነው በሽልማት ነው፤ ወዶ ለሳቀበት አሥር ብር ግንባር ላይ የሚለጥፍ ሕዝብ ነው፣ ካልወደደም ዞሮ ፍየሉን ያያል፣ ቡድኑም በዚያው ቀን ያውቀዋል።

ሙከራው ሊከሽፍ የሚችልባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ገበያተኛው ቀልዱ በአንዱ ወገን ላይ የተቀለደ ከመሰለው ሳቁ ወደ ጠብ ይዞራል፤ ስለዚህ ከሦስቱም ቋንቋ ተናጋሪ ተዋናይ ያስፈልጋል፣ የአገር ሽማግሌም አስቀድሞ ማየት አለበት። የግመሉ ተራ አጠገብ ድምፅ አይሰማም። ዝናብ አለ። የጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ሰው የሚሰበሰብበትን ነገር በዚህ ወቅት በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም፣ ቢያንስ ግን በጽሑፍ ይጠየቅ፣ በጽሑፍ ይመልስ። አዳራሽ እንዲሠራ ለመጠየቅ በየዓመቱ ከሚጻፈው ማመልከቻ ይህኛው ያጥራል፤ የአምስት ሰው ስም፣ የሃያ ደቂቃ ጊዜና ከእህል ተራ ጎን ያለ ጥላ ነው የሚጠይቀው።